የደሴቷ ሴትና የፌርፋክሱ ዋስ

ሚዛን ተፈሪ ስምንት ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬያለሁ። ትምህርት ቤቱ የነበረው የዓለም ካርታ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ተቀዶ በነጭ ፕላስተር ተለጥፎ ነበር። ተማሪዎቼ «እዚህ ጋ ምን አለ?» ሲሉኝ «ውኃ ነው፣ ምንም የለም» እያልኩ አልፌአለሁ። ፕላስተሩ ምን ሸፍኖ እንደነበር ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ቫን እየነዳሁ ነው።

ሥራዬ የኩላሊት እጥበት የሚያደርጉ ሕመምተኞችን ከቤታቸው ወደ ማዕከሉ ማመላለስ ነበር። ከሁሉም የሚበልጥ መንገድ የነበራቸው ከከተማው በስተ ደቡብ፣ ቶራንስ፣ ልጃቸው ቤት የሚኖሩ አንዲት ትልቅ ሴት ናቸው። ለቤታቸው የሚቀርበው ማዕከል ቦታ ስላልነበረው የተመደቡት ከፌርፋክስ ጎዳና ብዙም የማይርቅ ቦታ ነበር። ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ረፋዱ ላይ አነሣቸዋለሁ፤ ማሽኑ ላይ አራት ሰዓት ይቆያሉ፤ እኔም እስኪጨርሱ ፌርፋክስ ላይ ያለው የእኛ ሰዎች ሰፈር፣ ሊትል ኢትዮጵያ፣ ሄጄ እጠብቃለሁ። እማማ እላቸው ነበር። ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ ሳልነግራቸው ገባቸው መሰል፣ በቋንቋቸው አቤት ይሉኝ ጀመር።

የመጀመሪያው ቀን አገራቸውን ስጠይቃቸው «ሳሞአ» አሉኝ። ያስተማርኩት ትምህርት ነውና አፌ አላረፈም፤ ነጻ አገር መሆኗን፣ ዋና ከተማዋም አፒያ መሆኗን ዘረገፍኩላቸው። ያቺ ሌላዋ ናት አሉኝ፤ የእርሳቸው ከእርሷ በስተ ምሥራቅ ያለችው፣ አሜሪካ የያዘቻት ግዛት ናት። እኔ ተከራከርኩ። ስምንት ዓመት ጠመኔ የጨበጠ ሰው ከኋላ ወንበሩ ላይ በተቀመጡ አሮጊት ሲታረም ደስ አይለውም። ማታ ኮሪያታውን ከሦስት ሰዎች ጋር የምጋራው ቤት ገብቼ ስልኬ ላይ ፈለግሁ። እርሳቸው ልክ ነበሩ። ሐሙስ ዕለት ይቅርታ ስጠይቃቸው «ለመሆኑ ምን ታስተምር ነበር?» አሉኝ። ሂሳብ ነው ብዬ ዋሸሁ።

ከዚያ በኋላ ትምህርቱን እርሳቸው ያዙት። ዋናዋ ደሴት ቱቱዪላ ትባላለች፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያላት ርዝመት ከእርሳቸው ቤት እስከ ፌርፋክስ ያለውን መንገድ ያህላል። ስለዚህ ደሴቲቱን እንደ ካርታ በየቀኑ በምንሄድበት ፈጣን መንገድ፣ ፍሪዌዩ ላይ ዘረጓት። ቤታቸው የምዕራቡ ጫፍ ሆነ፤ ሜዳማው፣ ሰው በርከት ብሎ የሚኖርበት። ጥቂት ስንሄድ እውነተኛው አየር ማረፊያ በግራ በኩል ሲመጣ እጃቸውን አጨብጭበው የእኛም እዚሁ ነው ይላሉ። እዚያ አውሮፕላን የሚያርፈው በሳምንት ጥቂት ቀን ነው፤ ሲያርፍ ግማሹ ሕዝብ ዘመድ ለመቀበል ይወጣል። ከዚያ መንገዱ ገደልና ባሕር መሐል ይጠባል። አንድ ጎን ተራራው ነው፤ እስከ አናቱ በደን የተሸፈነ፣ ከቁልቁለቱ የተነሣ ፍየል እንኳ የማይወጣው። ሌላው ጎን ውኃ ነው። ሁለቱ ፍሪዌዮች የሚገናኙበት ጋ ስንደርስ ወደቡ ነው። ድሮ የእሳተ ገሞራ አፍ የነበረ፣ ባሕር የገባበት፣ ደሴቲቱን ለሁለት ሊቆርጣት ምንም ያልቀረው ባሕረ ሰላጤ። ከበላዩ የቆመውን ተራራ ዝናብ ጠሪው ይሉታል፤ ደመናውን ይዞ እስኪጥል አይለቅም አሉኝ። እኛ ሎስ አንጀለስ ዝናብ ባልዘነበበት አራተኛ ዓመታችን ላይ ነበርን፣ ቀናሁ።

ወደቡ አጠገብ የቱና ዓሣ ማሸጊያ ፋብሪካ አለ፤ ሽታው ልብስ ውስጥ ይገባል። እማማ ግን ፋብሪካውን ቶራንስ ላይ አደረጉት፤ ቤታቸው አጠገብ ያለው የነዳጅ ማጣሪያ ስለሚሸት ነው። እኔ አስተማሪነቴ ተነሣብኝና ወደቡ መሐል ላይ ነው ካሉ ፋብሪካውን ጫፍ ላይ ማድረግ ትክክል አይደለም አልኳቸው። ሽታ ካርታ አይጠብቅም ብለው ሳቁብኝ።

የእርሳቸው አገር ግን ቱቱዪላ አልነበረችም። ግዛቲቱ ሰባት ደሴት አላት፤ አንዷ ሌላዋን አትመስልም። ከቱቱዪላ ጫፍ ላይ በትንሽ ጀልባ የሚደረስባት አንዲት ደሴት አለች፤ ቀይ ሐይቅ አላት፣ ሐይቁም የረገጠውን ሰው ይውጣል። ከሁሉም የራቁት ሁለቱ ተራራ የሌላቸው የኮራል ቀለበቶች ናቸው፤ በአንዷ ወፍና ኤሊ እንጂ ሰው አይኖርም። ከምሥራቅ ደግሞ ማኑአ የሚባሉት ሦስቱ አሉ። ከእነዚያ አንዷ ኦፉ ናት፤ እማማ የዚያች ናቸው። ምድር መጀመሪያ የተፈጠረው እኛ ጋ ነው ይላሉ፤ ስለ ቱቱዪላ ሰዎች ሲያወሩ ድምፃቸው ጎጃሜ ስለ አዲስ አበባ ልጅ ሲያወራ የሚያወጣውን ይመስል ነበር። ኦፉ ላይ አሸዋው ነጭ ነው፣ ከኋላው ያለው ተራራ ሾጣጣ ነው፣ ውኃው ውስጥ ኮራሉ ከላይ ሆኖ ይታያል። ከጎረቤቷ ደሴት ጋር አንድ ድልድይ ያገናኛታል፤ ልጆች ከድልድዩ ላይ ወደ ባሕሩ ይዘላሉ። የሌሊት ወፎቹ በቀን ይበራሉ፤ የአንዱ ክንፍ ሲዘረጋ የክንድ ያህል ነው። ይኼን አላመንኩም። እርሳቸውም ተቆጥተው እስከ ማዕከሉ ድረስ አላናገሩኝም።

ፌርፋክስ የቱቱዪላ ምሥራቅ ጫፍ ከሆነ ኦፉ የት ነው ብዬ ለካሁት። ከከተማው በስተ ምሥራቅ ርቆ ያለውን ሳን በርናርዲኖን አልፎ ይሆናል። መሐሉ በሙሉ ባሕር ነው፤ በጀልባ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል።

ይኼ ሁሉ ጨዋታ ብቻ አልነበረም። እማማ ወደ ኦፉ መመለስ ይፈልጉ ነበር። በእነርሱ ወግ ሰው የሚቀበረው በቤቱ ደጃፍ ነው፤ ባለቤታቸው እዚያ አርፈዋል፣ አጠገባቸው የእማማ ቦታ ተትቷል። የመቃብሩ ሲሚንቶ ላይ ልጆች ተቀምጠው ይጫወታሉ፣ ልብስ ይሰጣበታል። ከዚያ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጬ ጥቂት ጊዜ ልኑር፣ ከዚያ አሥር እርምጃ ወስደው ያስገቡኝ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም አሉኝ። ልጃቸው ግን እንቢ ብሏል። ማሽኑ ያለው ቱቱዪላ ነው። ኦፉ ላይ የለም። ማሽን በሌለበት እማማ ሁለት ሳምንት አይቆዩም።

አንድ ቅዳሜ ይኼንኑ ሲያወሩ ከቱቱዪላ በየሳምንቱ ጀልባ ወደ ማኑአ እንደሚሄድ ነገሩኝ። «እዚያ ከደረስኩ ማን ይይዘኛል?» አሉ። እንደ ቀልድ ነው ያሉት። በመስታወቱ ሳያቸው ግን አይቀልዱም ነበር። እኔ ስለ ትራፊኩ አወራሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው።

ማዕከሉ አስገብቻቸው የምጠብቅበት ቦታ ከሬስቶራንቶቹ ጀርባ ያለ ፓርኪንግ ነበር። የፓርኪንጉ ኃላፊ ሰባ ዓመት የተጠጉ ሰው ናቸው፤ ጋሼ ነው የምንላቸው፣ ስማቸውን ብዙው ሰው አያውቀውም። አገር ቤት በነበሩ ጊዜ የወረዳ ዳኛ ነበሩ ይባላል። እርሳቸው አይናገሩም፤ ግን ሁለት ሰዎች ለአንድ የመኪና ማቆሚያ ሲጣሉ የሚያስታርቁበትን መንገድ ያየ ሰው አይጠራጠርም። አብረዋቸው የሚቀመጡት ደግሞ ልብስና ቅመም የሚሸጡ የወሎ ሰው ነበሩ፤ ሐጂ ይባላሉ። ሁለቱ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠው ከእኔ የደሴቶቹን ወሬ ይጠብቁ ነበር። ጋሼ የሚውጠውን ቀይ ሐይቅ ደጋግሜ እንድነግራቸው ይፈልጋሉ። ሐጂ ስለ መቃብሩ ሲሰሙ «እኔስ ወድጄዋለሁ፣ ሙት ከቤቱ አይባረርም» አሉ።

የልጁን እንቢታ በነገርኳቸው ቀን ጋሼ ወንበራቸውን ጎተቱ።

«እሺ፣ ሽማግሌ ተልኮበታል?»

«ኧረ ጋሼ፣ እነሱ ሳሞአዎች ናቸው» አልኩ።

«ታዲያ ልጅ እናቱን እንቢ ሲል ሽማግሌ አይላክበትም?»

ሐጂ ሳቁ፤ ጋሼ ግን አልሳቁም። በእኛ ወግ ለትልቅ ጉዳይ ባለጉዳዩ ራሱ አይለምንም፤ ሽማግሌዎች ይሄዳሉ፣ በር ላይ ይቆማሉ፣ እሺ እስኪባሉ አይቀመጡም። እኔም እውነቱን ለመናገር በሐሳቡ ተማረክሁ። እማማን አልጠየቅኳቸውም፤ ባለጉዳዩ እንዲያውቅ አይደረግም ብዬ። ሳይጠሯት አቤት፣ ሳይልኳት ወዴት ማለት ይኼ ነው። ልጃቸውን ብቻ በር ላይ ሳገኘው ለአንድ ጉዳይ ሁለት ሰዎች ይዤ ልመጣ እችላለሁ ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ማጣሪያው ውስጥ የሚሠራ፣ በሩን ሙሉ የሚሞላ ሰው ነው፤ ግራ ገባው፣ ግን እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ኑ አለ።

እሑድ በእኔ መኪና ሄድን። ጋሼ ሱፍ ለብሰው ከላይ ነጠላቸውን ደረቡ፣ ሐጂ ኮፍያቸውን አጥበው መጡ። መንገዱን ሙሉ ደሴቲቱን አሳየኋቸው፤ ይኼ ወደቡ ነው፣ ይኼ አየር ማረፊያው ነው እያልኩ። ጋሼ ወደ ምዕራብ ጫፍ ደረስን ወይ እያሉ ይጠይቁኝ ነበር።

ቤቱ ውስጥ ሰው ሁሉ ነጭ ለብሷል። ወንበሮቹ ወደ ግድግዳ ተገፍተው ወለሉ ላይ ምንጣፍ ተነጥፏል፤ ትልልቆቹ እግራቸውን አጣጥፈው ዙሪያውን ተቀምጠዋል። እማማ መሐል ላይ ነበሩ። ሲያዩኝ ፊታቸው በራ፣ ከኋላዬ ያሉትን ሲያዩ ደግሞ ጠፋ። ልጃቸው በእጁ ተቀመጡ አለን።

ጋሼ አልተቀመጡም። በሚያውቋት ጥቂት እንግሊዝኛ «አንቀመጥም፣ ጉዳይ አለን» አሉ፤ ቀጥ ብለው፣ ሁለት እጃቸውን ነጠላቸው ላይ አድርገው። ሐጂም አጠገባቸው ቆሙ። እኔም ቆምኩ። ልጁ ደግሞ ተቀመጡ አለ። ጋሼ ደግመው አንቀመጥም አሉ። አንድ ሽማግሌ አንገታቸውን ደፉ፤ የልጁ ሚስት ሕፃናቱን ወደ ጓዳ ወሰደቻቸው። የሆነ ነገር እንዳበላሸን ገባኝ፤ ምን እንደሆነ ግን አላወቅሁም።

የነገሩኝ እማማ ናቸው፤ ወደ ወለሉ እያዩ፣ በቀስታ። «በእኛ ቤት ሰው በተቀመጠ ሰው ላይ ቆሞ አይናገርም። ቆሞ የሚናገር ጠብ የፈለገ ነው» አሉኝ።

ይኼን ለጋሼ ተረጎምኩላቸው። ጋሼ ተጨነቁ። «እኛ ደግሞ ከተቀመጥን ልመናውን ተውነው ማለት ነው» አሉኝ። እግዜር ያሳያችሁ፤ መቆም ስድብ፣ መቀመጥ ሽንፈት። ባሕሩን አቋርጠን የገባን መሰለኝና መሬት ብትውጠኝ ወደድሁ፤ ያ ቀይ ሐይቅ የት አለ አልኩ በልቤ።

ሐጂ ነገሩን የፈቱት መስሏቸው ነበር። ጉልበታቸውን እያመማቸው፣ የእኔን ትከሻ ይዘው ተንበረከኩ። ጋሼም አይተው ተንበረከኩ። ቆመናል እንዳይባል ቆመን አይደለም፤ ተቀምጠናል እንዳይባል ተቀምጠን አይደለም። እኔም ተከተልኳቸው። ልጁ ግን ፊቱ አመድ ሆነ፤ ወደ እኔ ተንፏቆ መጣና በትልቁ እጁ ክንዴን ያዘኝ።

«ምን አደረጋችሁ? እናቴን ይዛችሁ ሰው ገጫችሁ?» አለኝ።

ለካ በእነርሱ ወግ በሰው ቤት የሚንበረከከው ነፍስ ያጠፋ ወይም ከባድ በደል የበደለ ሰው ነው። እኔ አይደለም አይደለም እያልኩ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ተንተባተብኩ። እማማ ነገሩ ቀድሞ ገባቸው። መጀመሪያ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፣ ያለቅሱ መሰለኝ፤ እየሳቁ ነበር። ከዚያ አንገታቸውን የደፉት ሽማግሌም ሳቁ። እማማ በተቀመጡበት እየተንፏቀቁ መጥተው ጋሼን በክርናቸው ይዘው አጠገባቸው አስቀመጧቸው። ጋሼም እሺ አሉ። በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ጉዳይ ሳያልቅ የተቀመጡት ያን ቀን ነው።

ጋሼ ልመናቸውን አቀረቡ፣ እኔ ተረጎምኩ። እናት ናት፣ አገሯ መግባት ትፈልጋለች፣ ለእናት እንቢ አይባልም አሉ። ልጁ እስከ መጨረሻው ሰማ። ከዚያ ተናገረ፤ ድምፁ እንደ ሰውነቱ አልነበረም፣ ቀጭን ነበር። ቱቱዪላ ዘመድ አለን፣ ማሽንም አለ፣ እዚያ ብትኖርልኝ ነገ አሳፍራታለሁ አለ። ግን እናቴን አውቃታለሁ፤ ወር ሳይሞላት ጀልባው ላይ ትወጣለች፣ ኦፉ ትገባለች፣ በሁለት ሳምንት ትሞታለች። እኔ ቲኬት ገዝቼ እናቴን አልገድልም። ከዚያ ወደ እናቱ ዞሮ የሆነ ነገር በቋንቋቸው ጠየቃቸው። እማማ አልመለሱለትም።

ዕውነት ነው፣ እኔ አውቅ ነበር። በዚያች ደቂቃ መናገር ነበረብኝ ወይስ ዝም ማለት፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ዝም አልኩ።

«ጀልባው ላይ እንዳትወጣ ማን ይይዛታል?» አለ ልጁ በእንግሊዝኛ፣ ለማንም ሳይሆን።

ጋሼ ትርጉም አልጠበቁም። «ዋስ እኔ ነኝ» አሉ።

እንዴት ልተርጉመው? ለቃሏ እኔ ተጠያቂ ነኝ ይላሉ አልኩት። ልጁ ፈገግ አለ፤ የፌርፋክስ የመኪና ማቆሚያ ሠራተኛ ውቅያኖስ መሐል ለሚገቡ ሴት ዋስ ሲሆን ማን አይስቅም? ከዚያ ጋሼ እንደማይስቁ አየ። ብትሳፈርስ ምን ታደርጋለህ ብሎ ጠየቃቸው። ጋሼ እንዲህ አሉ፦ «ዋስ የጠራ ሰው ዋሱን አያሳፍርም። ካሳፈረችኝ ፌርፋክስ ና፣ እዚያው ነኝ፣ እኔን ጠይቀኝ።»

እማማ፣ ጋሼ ምን እንዳሉ እንድነግራቸው ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ጋሼን ሳይሆን እኔን ነው ረጅም ጊዜ ያዩኝ።

ምግብ ቀረበ። አሳማ ነበረ፣ የቆርቆሮ ሥጋ ነበረ፤ ጋሼ የነቢያት ጾም ላይ ነበሩ፣ ሐጂም በራሳቸው ምክንያት እጃቸውን ሰበሰቡ። ደግሞ ሌላ ስድብ ሊሆን ነው ብዬ ስፈራ በኮኮናት ወተት የተቀቀለ ነገር መጣ። ቀምሼ አወቅሁት፤ ጎደሬ ነው። ሚዛን ተፈሪ ስምንት ዓመት የበላሁት ጎደሬ። ለሁለቱም የጾምም የሃይማኖትም ችግር የለበትም አልኳቸው። ጋሼ የደጋ ሰው ናቸው፣ ጎደሬ በአፋቸው ዞሮ አያውቅም፤ ሁለት ጊዜ አስደገሙ። ልጁ ሲሸኘን እሺ አለ።

ማክሰኞ ዕለት እማማን ይዤ አየር ማረፊያውን አለፍን። ከዚያ «እኔ ልሳፈር ነበር፤ አንተም ታውቃለህ» አሉኝ። አውቃለሁ አልኩ። ያ ሰው ለምን እንዲህ አደረገ፣ የት ያውቀኛል አሉ። ወጋችን ነው አልኳቸው። «አንድ ባሕር ነበረብኝ፣ አሁን ሁለት ሆነብኝ» አሉ። ተቆጥተው ነበር። ወደቡ ጋ ስንደርስ ወደቡ ነው አላሉም።

ከገና በኋላ ወደ ቱቱዪላ ሄዱ። እኔ የፈለጉትን ያገኙ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ቅዳሜ ቅዳሜ መንገዱ ባዶ ሲሆንብኝ ግን ቅር አለኝ። አንዳንዴ በዘመድ ስልክ ይደውሉልኛል። ዝናብ ጠሪው ሥራውን እየሠራ ነው፣ ልብስ አይደርቅም ይላሉ። አንድ ቀን የሌሊት ወፍ ፎቶ ላኩልኝ፤ በጠራራ ፀሐይ፣ ክንፉን ዘርግቶ፣ የውሻ ፊት ያለው። እባክህ ሂሳብ ብቻ አስተምር የሚል ከሥሩ ተጽፏል።

ጋሼ ግን በየሳምንቱ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራቸው። ቫኑን ሳቆም ገና መስኮቱን ሳላወርድ «ተሳፈረች?» ይሉኛል። አልተሳፈሩም እላቸዋለሁ። «ጎሽ» ብለው ወደ ወንበራቸው ይመለሳሉ። መጀመሪያ የምንስቅበት ነገር ነበር። እየቆየ ሐጂ መሳቅ ተዉ። ጋሼ ሲጠይቁ ድምፃቸው ይቀንስ ጀመር፤ አንድ ጊዜ «አልተሳፈሩም» ስላቸው ጎሽ አላሉም። መኪኖቹን አዩ።

አንድ ዓመት አለፈ፣ ሌላውም ተጋመሰ። ስልኩ ቀረ። እኔም መደወል ፈራሁ።

አንድ ቀትር ላይ ልጃቸው ፓርኪንጉ ውስጥ በእግሩ ገባ። ጥቁር ሸሚዝ ለብሷል። ጋሼ ካዩት በኋላ ቀስ ብለው ተነሡ፤ ካሳፈረችኝ እኔን ጠይቀኝ ያሉትን ያስታውሳሉ። ወንበራቸውን አቀረቡለትና ተቀመጥ አሉት። ሐጂም የራሳቸውን ለጋሼ ሰጥተው ቆሙ። ልጁ አልተቀመጠም።

«እናንተ ጉዳይ ሲኖራችሁ እንደምትቆሙ አይቻለሁ» አለ።

ከዚያ ነገረን፣ እኔም እየተረጎምኩ ሰማሁ። እናቱ አርፈዋል። ያረፉት ቱቱዪላ ነው፣ ማሽኑ ያለበት ሐኪም ቤት። ሳይሳፈሩ። ሕመሙ በሌላ በኩል ነው የመጣባቸው እንጂ አንድም ቀን ማሽኑን አላስቀሩም። ከሞቱ በኋላ በጀልባው ወሰዳቸው፤ አሁን ኦፉ ናቸው፣ ደጃፋቸው ላይ፣ ባላቸው አጠገብ። ቀኑን ሙሉ ባሕሩ ጸጥ ብሎ ነበር አለ። ሊያርፉ ሲሉ አንድ ነገር አደራ ብለውታል፤ ያንን ሽማግሌ ራስህ ሄደህ ንገረው፣ በስልክ እንዳትነግረው፣ ዋስትናው አልቋል፣ ነጻ ነው በለው ብለውታል።

ጋሼ እንድጠይቅላቸው አንድ ነገር አሉኝ፦ «ጀልባው ሲሄድ ይታያት ነበር?»

ልጁ አዎ አለ። ከማሽኑ አጠገብ መስኮት አለ፤ ጀልባው ከወደቡ ሲወጣ በዚያ በኩል ያልፋል። በየሳምንቱ ታየው ነበር፤ ነርሷ መጋረጃ ልዝጋልሽ ስትላት እንቢ ትል ነበር አለ።

ይኼንንም ተረጎምኩ። ጋሼ ለእንግዳው ባቀረቡት ወንበር ላይ ራሳቸው ተቀመጡ። ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ።

«እኔ እኮ ብትሳፈር አልጠይቃትም ነበር» አሉኝ ከነጠላው ውስጥ። «ንገርልኝ። ይቅር በሉኝ በልልኝ።»

ነገርኩት። ልጁ ጋሼን ከላይ ሆኖ አያቸው፤ እርሳቸው ተቀምጠዋል፣ እርሱ ቆሟል። ከዚያ ያ በር የሚሞላ ሰውዬ ጥቁር ልብሱን ሳይሳሳለት፣ ዘይት በጠጣው አስፋልት ላይ፣ እግሩን አጣጥፎ ከጋሼ እግር ሥር ተቀመጠ። እጁን የጋሼ ጉልበት ላይ አደረገ። ሐጂ ጉልበታቸውን እየያዙ ወረዱ፣ እኔም ወረድኩ።

ከፌርፋክስ በኩል አንድ መኪና ገብቶ ቦታ እንዲሰጠው ጥሩምባ ነፋ። የተነሣለት አልነበረም።